እንጦጦን በብስክሌት

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋ ተራራ ሲሆን ከፍተኛው ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጫፉ የውሃ መክፈያ ነው፤ በደቡብ ተዳፋት የወረደ ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ተራራውን የሸፈነው ደን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአገሩ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ስለነበር፣ ቶሎ የሚያድገው የአውስትራሊያ ዛፍ መጥቶ ተተከለ። ጥድ፣ ኮሶና ወይራ ዛሬ የሚገኙት እዚህም እዚያም ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ የብስክሌት መንገዶችም አብረው ተከፈቱ። ከዚያ ውጭ ያለው ደን ደግሞ ሯጮች፣ ከብቶችና እንጨት ለቃሚዎች በረገጡት ቀጭን መንገድ የተሞላ ነው።

ወደ ላይ መውጫው ከስድስት ኪሎ በአሜሪካ ኤምባሲ አድርጎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ በአስፋልቱ ዳገት እንጦጦ ማርያም ነው። ዳገቱ ሚኒባስ እንኳ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣው ስለሆነ፣ ብዙ ጋላቢዎች ብስክሌታቸውን በመኪና ጭነው ይወጣሉ። በዚህ የሚቀልዱ አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሰው ግን ጉልበቱን ለደኑ ማስቀመጡ ይሻላል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የገባ ሰው በአገሩ በቀላሉ የሚጨርሰው ዳገት እዚህ በግማሹ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ መሰንበት፣ ከዚያም በቀላል ማርሽ ዝግ ብሎ መውጣት ይረዳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ተቀምጦ እስኪያልፍ መጠበቅ አያዋጣም።

ለጀማሪ የሚመከረው በፓርኩ ውስጥ ያለው መንገድ ነው፤ የተስተካከለ ነው፣ ጥበቃም አለው። የደኑ ቀጭን መንገድ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጅሙ እየላጠ ይጥላል፤ ይህ ልጣጭ በኋላ ማርሽ ውስጥ ሲጠመጠም ሰንሰለቱን ያስወልቃል፣ ባስ ሲልም የማርሹን ክንድ ይሰብራል። ፔዳሉ ድንገት ከከበደ መርገጡን ትቶ ወዲያው መውረድና ልጣጩን በእጅ ፈትቶ ማውጣት ይገባል። ፍሬውም ቀላል ጠላት አይደለም፤ ደረቅና ጠንካራ በመሆኑ ከጎማ ሥር እንደ ብይ ይንከባለላል። ስለዚህ ፍሬ በበዛበት ኩርባ ላይ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፉ በፊት ነው፤ እየታጠፉ የፊት ፍሬን መጭመቅ መሬት ላይ ያስተኛል። ከሁሉም የከፋው ጉቶ ነው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከሥሩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ከሩቅ ቁጥቋጦ የሚመስለው ሁሉ ውስጡ እንጨት ሊኖረው ይችላል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ቁጥቋጦውን በጎማ ጥሶ ለማለፍ መሞከር አይገባም።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በክረምት ቀዩ አፈር ጎማ ላይ ተለጥፎ ብስክሌቱን እስከማቆም ይደርሳል፤ የሚሄድ ጎማም ቢሆን መንገዱን አርሶ ለቀጣዩ ዝናብ ቦይ ያበጃል። በልግ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊዘንብ ስለሚችል ጧት ወጥቶ ቀትር ሳይሆን መመለስ ይመረጣል። የጧቱ ብርድ ፒያሳ ካለው ይልቅ ጠንከር ያለ ነው፤ ቀለል ያለ ጃኬት፣ ሙሉ ጓንትና የራስ መከላከያ ቆብ አስፈላጊ ናቸው። ደን ውስጥ የጎማ ሱቅ ስለሌለ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ አብረው ይያዛሉ። ጅብ ከዋሻው የሚወጣው ማምሻውን ነውና ከ11 ሰዓት በኋላ ደኑ ውስጥ መቆየት አይመከርም፤ ብቻውን የሚሄድም ቢያንስ የት እንደሚገባ ለሰው ይንገር።

መንገዱ የብስክሌት ብቻ አይደለም። ጧት አትሌቶች ይለማመዱበታል፤ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚሄዱ ምእመናን በእግር ያልፉበታል። በጀርባቸው ከ30 ኪሎ በላይ ማገዶ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶችም አሉ። ሸክሙ በጎን ተጋድሞ የመንገዱን ስፋት ይሞላል፤ ተሸካሚዋ ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ ብስክሌቱን የምታየው ሲደርስባት ነው፤ ቁልቁለት ላይም በአንዴ መቆም አትችልም። ጋላቢው ከሩቅ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ከመንገዱ ወጥቶ ማሳለፍ አለበት። «በርቺ እናቴ» ብሎ ማለፍ ደወል ከማንጫረር የተሻለ ነው።

እግረ መንገድ መታየት ያለበት እንጦጦ ማርያም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡበት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሙዚየምና የቆየ ቤተ መንግሥታቸውም እዚያው ቅጥር አጠገብ ይገኛሉ። ከአጥሩ በር ጀምሮ ብስክሌት በእጅ ይገፋል፤ በአጭር የስፖርት ቁምጣ መግባት ነውር ስለሆነ ረዘም ያለ ሱሪ ወይም ነጠላ በቦርሳ መያዝ ይጠቅማል።

መመለሻው በአስፋልቱ ከሆነ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ስለሚያግለው እየያዙ እየለቀቁ መውረድ ይሻላል፤ ከመነሳትም በፊት የፍሬኑ ጎማ አለመሳሳቱን ማየት ነው። ሽሮ ሜዳ ሲደረስ የባህል ልብስ ሸማቹና ሚኒባሱ መንገዱን ስለሚያጨናንቁት፣ ገበያው እስኪያልፍ ወርዶ መግፋት ይቀላል።