ስለ ራስ ፍልጠት

ራስን እየጠዘጠዘ የሚፈልጥ ሕመም ከእንቅልፍ ማጣት፥ ከውሃ ጥም፥ ከትኩሳት፥ የለመዱትን ቡና ከመተውም ይመጣል። የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ሰው ግን በብርድ ወራት አስቀድሞ የከሰልን ፍም ይጠርጥር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል፤ ሰውም ቤቱን ዘግቶ፥ ማንደጃውን ከራስጌው አኑሮ ይተኛል። ከፍሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ይወጣል፤ በደም ውስጥም የኦክሲጅንን ስፍራ ይወስዳል። ከዚህ በኋላ ራስ ይፈልጣል፥ ያቅለሸልሻል፥ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛም ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ማሸት ለዚህ ምን ይረባል? በአንድ ቤት ያደሩ ሁሉ በአንድነት ራሳቸውን ቢያማቸው በሩን ክፈቱ፤ የታመመውን ወደ ደጅ አውጥታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ማንደጃውንም ከመኝታ በፊት ከቤት አውጡ፤ ጭሱ ቢያልቅም ፍም እስካለ መርዙ አያልቅምና።