ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ እንጦጦ፦ ከተማን በእግር ማስተማር

በሥልጠናችን ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ብዙ ተምረናል። ካርታ እንሥላለን፤ ከካርቶንና ከጭቃ ሞዴል እንሠራለን። ይሁን እንጂ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚገኝ ሌላ መርጃ መሣሪያ አለ። እሱም አካባቢው ራሱ ነው። አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚሉት ለእኛም ይሠራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአራዳን አካባቢ ለታሪክና ለጂኦግራፊ ትምህርት እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል ባጭሩ እናቀርባለን።

ሀ/ ስሞቹ ምን ይነግሩናል?

መነሻችንን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እናድርግ። ከድልድዩ በምዕራብ በኩል መርካቶ፣ በምሥራቅ በኩል ፒያሳ ይገኛሉ። ሁለቱም ቃላት ጣሊያንኛ ናቸው፤ የመጀመሪያው ገበያ፣ ሁለተኛው አደባባይ ማለት ነው። ከወረራው በፊት የከተማው ዋና ገበያ የሚቆመው እዚሁ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን የያዙት ፋሽስቶች አገሬውን ከነጮች ለመለየት ሲሉ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወሩት።

ታዲያ በሁለቱ የጣሊያንኛ ስሞች መካከል የቆመው ድልድይ የማንን ስም ይዟል? የፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን፣ ሕዝቡ አባ መላ የሚላቸውን! እኚህ ሰው ፊታውራሪ ገበየሁ አድዋ ላይ ከወደቁ በኋላ የፊታውራሪነቱን ማዕረግ የወረሱ፣ ሚኒስትሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በተሾሙበት በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር የሆኑና እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. በዚያው ሥልጣን የቆዩ ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ ተማሪ ሦስት የቦታ ስሞችን ብቻ ቢመረምር የአድዋን ዘመንና የወረራውን ዘመን ሊያስተያይ ይችላል።

ለ/ ዳገቱና ወንዙ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየጉብታው ሰፈሩ፤ «ሰፈር» የምንለው ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። በጉብታዎቹ መካከል ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርዱ ወንዞች ገደል ቆፍረዋል። በክረምት ወንዝ ሲሞላ ሰፈር ከሰፈር ይቆራረጣል። የድልድይ ጥቅም ለተማሪ የሚገባው እዚሁ ላይ ቆሞ ሽቅብና ቁልቁል ሲያይ ነው።

ከድልድዩ ሽቅብ ስንወጣ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እናገኛለን። አቡኑ በፋሽስቶች የተረሸኑት በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የሕንፃው ንድፍ አድዋ ላይ የተማረከው ጣሊያናዊ የሰባስቲያኖ ካስታኛ ነው ይባላል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። የምኒልክን ሐውልት ጣሊያኖች ነቅለውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሐ/ ከተማ ያለ ገጠሩ አይጠናም

በጣሊያን አገር ሲዬና የምትባል በኮረብታ ላይ የተሠራች ጥንታዊ ከተማ አለች። ዛሬም 17 ሰፈሮቿ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስምና ዓርማ አላቸው። በከተማዋ የአስተዳደር ሕንፃ ግድግዳ ላይ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ እ.ኤ.አ. በ1338 እና 1339 የሣለው ሥዕል ከተማውንና ገጠሩን ባንድ ላይ ያሳያል፤ ገበሬው ያርሳል፣ እህል የተጫነ አህያ ወደ ከተማው ይገባል። የሠዓሊው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ መልካም አስተዳደር ሁለቱንም ይነካል።

የእኛም ከተማ እንዲሁ ነው። በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ስንወጣ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት እንጦጦ ማርያም እንደርሳለን። የከተማው ሕይወት ከዚህ ተራራ ጋር የተያያዘ ነው። የማገዶ ዛፍ ተመናምኖ ባለቀ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማውን ባለበት ያቆየው ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ዋጋውን ግን የከፈሉት ተራራውን በእግራቸው እየወጡ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ሲያወርዱ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ይህንን የማይጨምር የከተማ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

መ/ ለምን አሁን?

በ2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመርቋል። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውረዋል። መንገድ ይሰፋል፣ ሕንፃ ይለወጣል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ የሚሉት ስሞች ግን በሰዎች አፍ ላይ ያሉ ናቸው፤ ሰዎቹ ሲበታተኑ ስሞቹም ከነታሪካቸው ሊበተኑ ይችላሉ። ያልተጻፈውን አጠያይቆ መጻፍ ከመምህርና ከተማሪዎቹ የበለጠ ለማን ይቀርባል?

ለልምምድ ማስተማር የሚወጡ ጓደኞቻችን የሚከተለውን እንዲሞክሩ እናሳስባለን፦

1. እያንዳንዱ ተማሪ የሚኖርበትን ሰፈር ስምና የስሙን ምክንያት ሁለት አረጋውያንን ጠይቆ ይጻፍ። መልሶቹ ከተለያዩ ሁለቱንም ይመዝግብ።

2. ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከድልድዩ እስከ ጊዮርጊስ ያለውን መንገድ በእርምጃ ለክተው ንድፍ ካርታ ይሥሩ፤ የፈረሰውን በነጠብጣብ፣ ያለውን በመስመር ያመልክቱ።

3. ወንዙ ከየት እንደሚነሣ፣ ወዴት እንደሚፈስና ማን ምን እንደሚጥልበት ይመርምሩ።

የተሰበሰበው ሁሉ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የዘንድሮው የልጆች ደብተር ለመጪው ዓመት መምህር መማሪያ መጽሐፍ ይሆነዋልና።