ከአሌፍ እስከ ታው

በዚህ ትምህርት ሰቆቃወ ኤርምያስን እንመለከታለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን አፈረሱ፤ መቅደስዋን አቃጠሉ፤ ከሕዝብዋም ብዙዎቹን ማረኩ። መጽሐፉ ስለዚያች ከተማ የተለቀሰ ሙሾ ነው።

ባለቅኔው ግን እንዲያው አልጮኸም። የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎችም ከአሌፍ እስከ ታው እነዚህን ፊደላት ተከትለው የተገጠሙ ናቸው። ሦስተኛው ምዕራፍ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ ስለሚያነሣ 66 ቁጥሮች አሉት። እንዲህ በማድረግ ልክ ለሌለው ኀዘን ልክ አበጀለት፤ አንዱ ፊደል ሲፈጸም የሚቀጥለው ይጠብቀዋልና።

ተስፋውስ የተነገረው ወዴት ነው? በመጨረሻው አይደለም፤ በዚሁ በሦስተኛው ምዕራፍ፥ በልቅሶው መካከል ነው። ከዚያም በኋላ ልቅሶው ይቀጥላል። እንግዲህ ተስፋ ማድረግ እንባን ማቆም ሳይሆን፥ እያለቀሱም ሕይወትን መምረጥ እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ ወደ ኀዘንተኛ ቤት በገባን ጊዜ «አታልቅስ» ለማለት አንቸኩል። እርሱ ኀዘኑን እስከ ታው ድረስ ይናገር፤ እኛም አጠገቡ ተቀምጠን እንስማው። መኖር የከበደውንም ሰው ከቶ ብቻውን አንተወው።