ትምህርት 12፤ የክስ ማመልከቻና የጠበቃ ዋጋ

ሀ. ንባብ

ቀድሞ በበላ ልበልሃ ሙግት ባለጉዳይ ነገሩን በአንደበቱ ያሰማ ነበር። ዛሬ ግን የፍትሐ ብሔር ክስ የሚቀርበው በጽሑፍ ነው። ስለዚህ አሳምሮ መጻፍ የማይችል ሰው ለጽሑፉም ለክርክሩም ገንዘብ ያወጣል።

አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትተዳደር እናት ለጎረቤቷ 8000 ብር አበደረች እንበል። ተበዳሪው ቀኑ ሲደርስ አልከፈለም። ጠበቃ ብታማክር 5000 ብር ጠየቃት። ጠበቃ ለዕውቀቱና ለጊዜው ዋጋ መጠየቁ ነውር አይደለም። ለእርሷ ግን የሚተርፋት 3000 ብር ብቻ ሆነ፤ የዳኝነት ክፍያውም ገና አልታሰበም። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብላ ተወችው። መብቷም ሳይሞት ተቀበረ።

ይህች ሴት ሌላ መንገድ አልነበራትምን? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለጉዳይ ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ እንዲከራከር ይፈቅዳል። ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድም ወክሎ ማቆምም ይቻላል። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው በድኃ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል። የረታ ወገንም ወጪውና ኪሳራው እንዲተካለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

ሆኖም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ ለማስረዳት እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ጥንቃቄው ከሙግቱ በፊት፣ ገንዘቡ ከእጅ ሲወጣ ይጀምራል። ነገሩ የተወሳሰበ ከሆነ ግን ጠበቃ መያዝ ይበጃል፤ ዋጋውንም አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ይገባል።

ለ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ገንዘቤ ተወስዶብኝ ብዙ ተንገላታሁ።
2. ተከሳሽ መስከረም 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ከእኔ 8000 ብር ተበደረ፤ ጥር 10 ቀን ሊከፍል በጽሑፍ ተስማምቶ አልከፈለም።

በመጀመሪያው «ተወስዶብኝ» የሚለው ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ሸሽጎታል። ዳኛው «ማን? መቼ? ስንት?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። ሁለተኛው ሁሉንም ይመልሳል። ልብ በሉ፤ «ተበደረ» በ«ተ» ቢጀምርም ተደራጊ አይደለም፤ ብድሩን የወሰደው ባለቤቱ፣ ማለት ተከሳሹ ነውና። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ሐ. መልመጃ

1. ባለጉዳይ፣ የዳኝነት ክፍያ፣ ወጪና ኪሳራ፣ በድኃ ደንብ የሚሉትን በየዓረፍተ ነገሩ አግቡ።
2. «አጥሩ ፈረሰብኝ፤ በሬዬ ተሸጠብኝ፤ ማሳዬ ታረሰብኝ» የሚሉትን አድራጊውን፣ ቀኑንና ቦታውን እየጨመራችሁ እንደገና ጻፉ።
3. በንባቡ ለተጠቀሰችው እናት ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የክስ ማመልከቻ ጻፉ። የፍርድ ቤቱን ስም፣ የከሳሽንና የተከሳሽን ስምና አድራሻ፣ የነገሩን አመጣጥ፣ የገንዘቡን ልክ፣ የምትጠይቀውን ዳኝነትና ማስረጃዋን በቅደም ተከተል አስፍሩ። ስድብና ልመና አታግቡበት።
4. የጻፋችሁትን ለቤተ ሰባችሁ አንብቡ። ያልገባቸውን ዓረፍተ ነገር አርሙ፤ ለእነርሱ ያልገባ ለዳኛም ላይገባ ይችላልና።