ትስባለች ወይስ ትገፋለች? የቢኤምደብሊው ትንንሽ መኪኖች ክርክርና የጎማ ሒሳብ

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ቡና ሲፈላ ፈንዲሻና ክርክር አይጠፋም። ሰሞኑን ግን ርዕሱ እንደ ወትሮው የአገር ቤት ወሬ ሳይሆን መኪና ሆኗል፤ ሰበቡም እኔ ነኝ።

የምንኖረው ሸፊልድ፣ እንግሊዝ ነው፤ ዳገት የሞላበት ከተማ። እኔ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ከገና በኋላ የሚጀምረው የተግባር ልምምዴ በየቤቱ እየዞሩ ሕሙማንን ከሚረዱ ነርሶች ጋር ነው። ስለዚህ አባዬ ግማሹን፣ እኔ ግማሹን አዋጥተን በጋራ የምንጠቀምባት ያገለገለች መኪና ልንገዛ ተስማማን። ሁለት ምርጫ ቀረበልን። አንደኛዋ የአክስቴ ልጅ የሚሸጣት የ2014 ቢኤምደብሊው 1 ሲሪስ ናት፤ በኋላ ጎማ የምትነዳ። ሁለተኛዋ የ2015 ቢኤምደብሊው 2 ሲሪስ አክቲቭ ቱረር ናት፤ በፊት ጎማ የምትነዳ።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛዋን ገና ሲሰማ ስኒውን አስቀመጠ። «እሷማ ቢኤም አይደለችም፤ ምልክቱን የለጠፉባት የቤተሰብ ዕቃ ናት» አለ። አባዬ «መኪና ካደረሰ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ሲል መለሰ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ላዳ ታክሲ የነዳው አጎቴ ደግሞ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ልጅ፣ ነገሩን መጀመሪያ ተማሪው፤ ከዚያ ትገዢያለሽ» አለኝ።

ተማርኩት። የተማርኩትንም ለእናንተ ላካፍል። ይህ ክርክር በመኪና ወዳጆች ዘንድ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያጨቃጭቅ ቆይቷል፤ ከሥሩ ያለው ግን ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያየነው ፊዚክስ ነው።

ክርክሩ ከየት መጣ?

ለአሥርተ ዓመታት አብዛኞቹ የቢኤምደብሊው መኪኖች ሞተራቸው ከፊት፣ የሚነዱት ጎማዎች ከኋላ ነበሩ። ኩባንያው ክብደቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች እኩል፣ ግማሽ ለግማሽ ለማካፈል መጣሩ መታወቂያው ሆነ። ወዳጆቹ «ቢኤም» ሲሉ በሐሳባቸው የሚመጣው ይህ ሚዛን ነው።

በ1994 ኩባንያው የእንግሊዙን ሮቨርን ገዛ። በ2000 መልሶ ሲሸጠው የሚኒን ስም ለራሱ አስቀረ፤ በ2001ም አዲሷን ሚኒ አወጣ። ሚኒ ከ1959 ጀምሮ በፊት ጎማ የምትነዳ፣ ሞተሯም በአግድም የተቀመጠ ስለሆነች ማንም ቅር አላለውም። ቅሬታው የተነሣው ይኸው አሠራር የቢኤምደብሊው ምልክት ባላቸው መኪኖች ላይ ሲመጣ ነው። በ2014 አክቲቭ ቱረር መጣች፤ በቢኤምደብሊው ስም በፊት ጎማ የምትነዳ የመጀመሪያዋ መኪና። በ2015 ሁለተኛው ትውልድ ኤክስ 1 ተከተለ። በ2019 ደግሞ ሦስተኛው ትውልድ 1 ሲሪስ ራሱ ወደ ፊት ጎማ ዞረ። 1 ሲሪስ ከ2004 ጀምሮ እንደ ጎልፍ፣ አውዲ ኤ3 እና መርሴዲስ ኤ ክላስ ካሉ በፊት ጎማ ከሚነዱ ተፎካካሪዎች መካከል በኋላ ጎማ የሚገፋ ሆኖ ቆይቶ ነበርና ለውጡ ብዙዎችን አሳዘነ።

ኩባንያው ምን አገኘ?

በኋላ ጎማ በምትነዳ መኪና ውስጥ ሞተሩ በቁመት ይቀመጣል፤ ከካምቢዮው ተነሥቶ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስድ ረጅም ዘንግም በመኪናው ወለል ሥር ያልፋል። ከኋላ መካከለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩን የሚያነሣበት ጉብታ ከዚህ የመጣ ነው። ሞተሩ በአግድም ከተቀመጠና ጉልበቱ እዚያው ለፊት ጎማ ከተሰጠ ግን ዘንጉ ይቀራል፤ ኮፈኑ ያጥራል፤ ቦታው ለሰው ይተርፋል። የ2019 1 ሲሪስ ከቀደመው በ5 ሚሊሜትር ያጠረ ቢሆንም የኋላ ተሳፋሪ ጉልበት ቦታ በ33 ሚሊሜትር ሰፋ፤ የዕቃ መጫኛውም ከ360 ወደ 380 ሊትር አደገ። ከሚኒ ጋር አንድ ዓይነት መሠረት መጋራቱ ደግሞ ወጪ ይቀንሳል።

በ2010 የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኖርበርት ራይትሆፈር ከ1 ሲሪስ ባለቤቶች 80 በመቶው መኪናቸው በፊት ጎማ የሚነዳ እንደሚመስላቸው ተናግረው ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉም በኋላ ጎማ ነበር። የመልእክቱ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፤ ገዢው ካላወቀው ለምን እንከፍልበታለን?

የአክስቴ ልጅ ለዚህ የሰጠው መልስ ግን አሳሰበኝ። «አላወቁም ማለት አልተሰማቸውም ማለት አይደለም» አለ። ልክ ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ታካሚ ብዙ ጊዜ ስለ ግፊቱ አያውቅም፤ ሰውነቱ ግን ያውቀዋል። ስለዚህ የሰዎችን ግምት ትተን ጎማው ራሱ ምን እንደሚሠራ እንይ።

አንድ ጎማ፣ ሁለት ሥራ

በሆስፒታል ታካሚ የተኛበትን አልጋ ስናንቀሳቅስ ሁለት ሰው እንሆናለን። አንዱ ከራስጌ ይገፋል፤ ሌላው ከግርጌ አቅጣጫ ያሲዛል። አንድ ሰው ብቻውን ከፊት ሆኖ እየጎተተ ማዞር ይችላል፤ ግን መታጠፊያ ላይ በኃይል ከጎተተ አቅጣጫው ይስታል።

መኪናም እንዲሁ ነው። በኋላ ጎማ በምትነዳ መኪና የኋላዎቹ ይገፋሉ፣ የፊቶቹ ይታጠፋሉ። በፊት ጎማ በምትነዳዋ ግን የፊቶቹ ሁለቱንም ይሠራሉ።

የጎማ መንገድ የመያዝ አቅም ውስን ነው። አቅሙን 100 እንበለው። ለመሳብና ለመታጠፍ የሚከፈለው ከዚሁ 100 ነው፤ ሒሳቡም የፓይታጎረስ ነው። ለመሳብ 60 ካወጣ ለመታጠፍ 80 ይቀረዋል፤ 80 ካወጣ 60 ይቀረዋል፤ 100 ካወጣ ምንም አይቀረውም። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ሲረገጥባት ፊቷ ወደ ውጭ የሚያመልጠው ለዚህ ነው። በኋላ ጎማ የምትነዳዋ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲረገጥባት ኋላዋ ይዞራል። ሁለቱም ያጠፋሉ፤ የጥፋታቸው ዓይነት ግን ይለያያል። የመኪና ወዳጆች «የመሪው ስሜት» የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ መሪው ካልመጣ እጃችን የሚሰማው መንገዱን ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ በዚህ ነጥብ ትክክል ነው።

ክብደቱ ወዴት ይሄዳል?

አሁን ወደ እኔ ጥያቄ እንምጣ። በረዶ ላይ የትኛዋ ትሻላለች? አጎቴን ስጠይቀው ሳቀና ነገረኝ፦ «ጭቃ ላይ ላዳ ስትንሸራተት ሁለት ሰው ከኋላ ወንበር እናስቀምጥ ነበር። ላዳ ከኋላ ነው የምትገፋው። ጎማ ደግሞ ሲጫነው ነው የሚይዘው።»

ትምህርቱ በሙሉ በዚህ አለ። የመያዝ አቅም ማለት በጎማው ላይ ያረፈው ክብደት ሲባዛ በመንገዱ የሰበቃ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 1400 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት መኪኖችን እንውሰድ። «ገፊ» በኋላ ጎማ ትነዳለች፤ ክብደቷ ግማሽ ለግማሽ ነው፤ ስለዚህ በሚነዱት ጎማዎቿ ላይ 700 ኪሎ አለ። «ሳቢ» በፊት ጎማ ትነዳለች፤ ሞተሩ ከፊት ስለሚከብድ 60 በመቶው፣ ማለትም 840 ኪሎ በሚነዱት ጎማዎቿ ላይ ነው። በሁለቱም የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.7 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 0.5 ሜትር ይሁን።

መኪና ሲፈጥን ወይም ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል። የሚሸጋገረው መጠን ክብደቱ፣ ሲባዛ በፍጥነት ጭማሪው ወይም በዳገቱ መጠን፣ ሲባዛ በ0.5፣ ሲካፈል ለ2.7 ነው። ሦስት ሁኔታ እንይ።

አንደኛ፣ ደረቅና ሜዳ መንገድ ላይ በኃይል ስንነሣ፣ የመሬት ስበትን ግማሽ በሚያህል የፍጥነት ጭማሪ፤ 130 ኪሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገፊ 830፣ ሳቢ 710 ይሆናሉ። ገፊ አሸነፈች። ትልቅ ሞተር ያላቸው መኪኖች በኋላ ጎማ ቢነዱ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በረዶ በተጠቀጠቀበት መንገድ፣ 10 በመቶ በሆነ ዳገት፤ 26 ኪሎ ይሸጋገራል። ገፊ 726፣ ሳቢ 814። የሰበቃ ቁጥሩን 0.2 ብንወስድ ገፊ 145፣ ሳቢ 163 ኪሎ የሚያህል ጉልበት መሬት ላይ ማዋል ይችላሉ። ዳገቱ የሚጠይቀው 140 ነው። ሳቢ ትወጣለች፤ ገፊ በጭንቅ።

ሦስተኛ፣ ያው በረዶ፣ ዳገቱ ግን 20 በመቶ። ሳቢ 788 ኪሎ በጎማዎቿ ላይ ይዛ 158 ማዋል ትችላለች፤ ገፊ በ752 ኪሎ 150። ዳገቱ የሚጠይቀው ግን 280 ነው። ሁለቱም ከሥር ይቀራሉ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ፤ ሦስተኛው ሁኔታ ካለፈው ዓመት የማውቀው ነበር።

ያቺ ጠዋት

ባለፈው ዓመት ለሁለት ቀን ብቻ ሥራውን እንድናይ ከቤት ለቤት ነርሶች ጋር ተመድበን ነበር። በዚያ ጠዋት በረዶ ጥሎ አደረ። የመጀመሪያዋ ታካሚያችን ብቻዋን የምትኖር፣ ከቁርስ በፊት ኢንሱሊን የምንወጋት አረጋዊት ናት። የነርሷ መኪና ትንሽ፣ በፊት ጎማ የምትነዳ ነበረች። የመጨረሻው ዳገት ላይ ጎማዎቹ እየዞሩ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ነርሷ እየተጠነቀቀች ዳር አስያዘቻት፤ ቦርሳችንን አንግተን በእግር ወጣን። 40 ደቂቃ ዘገየን። እማማ በሩን ከፍተው እየጠበቁን ነበር፤ «ተዋችሁኝ ብዬ ነበር» አሉ። ከመርፌው ይልቅ ይህ ቃል ከእኔ አልወጣም።

መኪናዋ በፊት ጎማ የምትነዳ ነበረች። አልጠቀመንም። ስንመለስ ነርሷ ጎማውን ስታሳየኝ ጥርሱ ሊያልቅ የቀረበ የበጋ ጎማ ነበር። በእንግሊዝ ሕግ የጎማ ጥርስ ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ የበረዶ ጎማ ግን ግዴታ አይደለም። የበረዶ ጎማ የሚሠራበት ጎማ በብርድ አይደርቅም፤ ጥርሱም በረዶውን ይነክሳል። በሒሳባችን ላይ ያለውን 0.2 ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ለሁለቱም መኪኖች ይባዛል። ከዚህም በላይ ፍሬን ስንይዝና ስንታጠፍ አራቱም ጎማዎች ይሠራሉ፤ የትኛው ጎማ ይነዳል የሚለው ለማቆም አይረዳም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከመውጣት ይልቅ ማቆም ነው ነፍስ የሚያድነው።

ታዲያ ማን ረታ?

ለአክስቴ ልጅ ይህን ወረቀት ሳሳየው አንብቦ «ስለዚህ እኔ ነኝ የረታሁት» አለ። አባዬም እንዲሁ አለ። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ብዙ ጉልበት ላለው፣ በደረቅ መንገድ ለመንዳት ደስታ ለሚገዛ ሰው የኋላ ጎማ በእርግጥ ብልጫ አለው። ኩባንያውም ይህን አልካደም፤ በ2021 ያወጣው ባለ ሁለት በር 2 ሲሪስ ኩፔ እስከ አሁን በኋላ ጎማ ላይ የተመሠረተ ነው። የቀድሞዋ ኤም 140 አይ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 340 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበራት፤ በ2019 የተተካችባት ኤም 135 አይ ግን ባለ 4 ሲሊንደር፣ 306 የፈረስ ጉልበት ናት፤ በአራቱም ጎማ ብትነዳም። ረጅሙን ሞተር በአግድም ማስገባት ከባድ ነውና ወዳጆቹ ያጡት ከጎማ በላይ ነው፤ ኀዘናቸው ይገባኛል።

በመጠነኛ ሞተር ሰውና ዕቃ ይዞ ለሚዞር ግን የፊት ጎማው ቦታና የበረዶ ላይ ጥቂት ብልጫ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ጎዳናም ያለ ክርክር ይህንኑ መንገድ ሄዷል፤ ከምትገፋው ላዳ ወደምትስበው ቪትዝ።

እኛ አክቲቭ ቱረሯን ገዛን። ወሳኙ ምክንያት ከፍ ያለው ወንበሯ ነው፤ አያቴ ወገባቸውን ሳያጎብጡ ይገባሉ። ለአክስቴ ልጅ መኪና ልንጨምር ያሰብነውን ገንዘብ ደግሞ በአራት የበረዶ ጎማ አዋልነው። አጎቴ በመጣ ቁጥር አስቀድሞ ጎማዎቹ ዘንድ ይንበረከካል፤ የ20 ሳንቲም ፔንስ ከኪሱ አውጥቶ ጥርሱ ውስጥ ያስገባል። የሳንቲሙ የውጭ ጠርዝ ከታየ ጎማው መፈተሽ ወይም መቀየር አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ለቡና የሚገባው።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. በገፊና በሳቢ ላይ፣ ልክ ከኋላ ጎማዎች በላይ 100 ኪሎ ዕቃ ጫኑ። መኪናው ቆሞ ሳለ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያለው ድርሻ ከጠቅላላው ክብደት ስንት በመቶ ይሆናል? (መልስ፦ ገፊ ከ50 ወደ 53 ገደማ ትወጣለች፤ ሳቢ ከ60 ወደ 56 ትወርዳለች። የአጎቴን ላዳ አስታውሱ።)

2. አንድ የፊት ጎማ ከ100 አቅሙ 80ውን ለመታጠፍ እያዋለ ነው። ለመሳብ ስንት ይቀረዋል? (መልስ፦ 60።)

3. ይህችኛዋ መልስ የላትም፦ እናንተ የምትነዷት መኪና ጎማዎች ጥርስ ዛሬ ስንት ሚሊሜትር ነው? ወጥታችሁ እዩ። የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።