ስዊኒ ቶድና ቆሼ

በኮልፌ ቀራንዮ ስላለው ስለ ቆሼ በዜማ የታጀበ አሳዛኝ ቴአትር ለመድረስ የሚያስብ ጓደኛ ቢኖር፣ አስቀድሞ የለንደኑን ጸጉር አስተካካይ የስዊኒ ቶድን ታሪክ እንዲያጠና እንመክረዋለን። ታሪኩ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ሲታተም ሰውዬው ገንዘብ ወዳድ ነፍሰ ገዳይ ብቻ ነበር። ተበዳይ ያደረገው በ1973 ክሪስቶፈር ቦንድ ነው፤ ስቴፈን ሶንድሃይም ደግሞ በ1979 ዜማ ሰጠው።

ዳኛው ሚስቱን ተመኝቶ በሐሰት ፈርዶ ወደ አውስትራሊያ ያግዘዋል። ከ15 ዓመት በኋላ ሲመለስ ለምላጮቹ እንደ ወዳጅ ይዘፍንላቸዋል። በእኛ ፉከራ የሚወደሰው ጎራዴና ጠመንጃ ነው፤ እዚህ ግን የዕለት እንጀራ የሚገኝበት መሣሪያ ይወደሳል። ዳኛው ሲያመልጠው ቁጣው መድረሻ ያጣል፤ ሊላጩ የተቀመጡትን ያርዳል። በመጨረሻም የገዛ ሚስቱን ሳያውቃት ይገድላል፤ ያን ጊዜ ፉከራው ሙሾ ይሆናል።

ወደ ቆሼ እንመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። አካባቢው ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎች የሚኖሩበት ነበር። ታዲያ የዚህ ቴአትር ዳኛ ማን ይሁን? ክምሩን ከ50 ዓመት በላይ የቆለለው ከተማው ሁሉ ነው፤ እኛም ጭምር። ስለዚህ አንድ ክፉ ሰው ፈጥሮ ለምላጭ መስጠት ለደራሲው ይቀለዋል፤ ለሟቾቹ ግን ሐሰት ነው። በሶንድሃይም ድርሰት ማብቂያ ላይ ኅብረ ዘማሪው ጣቱን ወደ ተመልካቹ ይቀስራል። ለቆሼ የሚበጀው ከዚያ መጀመር ይመስለናል።