ሐዲድና የእግር መንገድ

የወለጋ ተማሪ በነቀምት፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ የባቡር ሐዲድ ቢፈልግ አያገኝም። ይህም ስላልታሰበ አይደለም። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረርና በእንጦጦ በኩል እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ ተወስኖ ነበር። ነገር ግን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በዚያው ቆመ። ስለዚህ የወለጋ ቡናና ሰም፣ መኪና እስኪመጣ ድረስ፣ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ተጓዘ።

የተዘረጋውስ ምን ሆነ? በታኅሣሥ፣ ሰማይ በጠራበት ቀን፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በአሮጌው ሐዲድ ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ 784 ኪሎ ሜትር የነበረው ያ ታላቅ ሥራ በብዙ ስፍራ ሣር ለብሶ ያየዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በሌላ ሐዲድ ነው።

እንግዲህ ብረትም ጠባቂ ካጣ ሣር ያሸንፈዋል፤ የነጋዴው የአፈር መንገድ ግን የሚረግጠው እስካልታጣ ድረስ ትውልድን አሻገረ። ሥራን መጀመር ቀላል ነው፤ መፈጸም ይከብዳል፤ የተፈጸመውን መጠበቅ ግን ከሁሉ ይከብዳል።

ተማሪም ሐዲድ መዘርጋት ባይችል፣ ክረምት ያፈረሰውን የሰፈሩን መንገድ በመስከረም ያቅና፤ ሽማግሌና ባለ ሸክም ይመርቁታል።